የሚሌቼንቶዋ መስታወትና የጉግሳ ባርኔጣ

ጥር 6 ቀን 1977፣ ሰኞ

ዛሬም ስብሰባ ነበር። ቃለ ጉባዔውን በአሥራ ሁለት ቅጂ መታሁ። አሥራ ሁለተኛው ላይ ካርቦኑ ደክሞ "በጋለ ስሜት ተወያይተው" የሚለው አይነበብም። ማንም አልጠየቀኝም... ማን አንብቦት?

ቤት ስደርስ በሩ ሥር ወረቀት ተጥሏል። ከቀበሌ። "ጉዳዩ፦ ያለ አገልግሎት ስለቆመ ተሽከርካሪ።" የኛን ሚሌቼንቶ፣ አሮጌዋን ፊያት ማለታቸው ነው። ግቢ ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር የቆመችውን። ባለቤቴ ጉግሳ በ1969 ክረምት ወደ ሁርሶ ለጦር ሥልጠና ሲሄድ ጥላ ውስጥ አቁሟት ሄደ። ከሁርሶ ወደ ኦጋዴን። ከኦጋዴን ወደ... እንጃ። ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። ደብዳቤ የለም፣ መርዶ የለም። ስንጠይቅ "በመጣራት ላይ ነው" ይሉናል። እንዴት ያለ ጥንቁቅ ማጣራት ነው!

ወረቀቱ እስከ የካቲት 30 መኪናዋ ተመርምራ ቦሎ ካልለጠፈች "ለሰፊው ሕዝብ አገልግሎት ትውላለች" ይላል። ሰፊው ሕዝብ ማለት ሊቀመንበራችን ጓድ ዘገዬ ናቸው። መንዳት መለማመድ እንዳማራቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ለአማቴ ለእማማ ወለተ ጊዮርጊስ አነበብኩላቸው። ዓይናቸው ደክሟል። "ልጄ ሲመጣ ታዲያ በምን ይሂድ?" አሉ። ምን ልበላቸው? ቅዳሜ ቅዳሜ የጉግሳን ባርኔጣ ከምስማሩ አውርደው የሚቦርሹ ሴት ናቸው። ቡናማ ቦርሳሊኖ። በሰባት ዓመት አንድ ቅዳሜ አልዘለሉም። በዚህ አያያዝ ባርኔጣው ሁላችንንም ይቀብራል።

(ይህን ደብተር የት እንደምደብቀው አልጽፍም። እስከዚህም ሞኝ አይደለሁም።)

ጥር 8፣ ረቡዕ

ጃማዕ መጣ። የጉግሳ የልብ ጓደኛ፣ የጅቡቲ መስመር የጭነት ሾፌር። ኮፈኑን ሲከፍት ሞተሩ ላይ የወፍ ጎጆ። እንቁላል የለውም። ወፏም ተስፋ ቆርጣ ሄዳለች።

"ሞተሩ ጤነኛ ነው ወላል። ባትሪ፣ ጎማ፣ ካርቡራተር... እኔ አለሁ። ብቻ ከየት አመጣህ እንዳትዪኝ።" ወላል የሚለኝ በሶማልኛ እህቴ ማለቱ ነው።

አልጠየቅኩም። ድሬዳዋ ውስጥ "ከየት አመጣህ" የሚል ሰው ወይ እንግዳ ነው ወይ ፊናንስ ፖሊስ።

ቀጥሎ የፊቱን መስታወት በክርኑ ጠረግ ጠረግ አድርጎ አየውና ፊቱን አጨማደደ።

"አቦ ይሄ መስታወት አይደለም፣ መጋረጃ ነው። መርማሪው ይሄን አይቶ ቦሎ አይሰጥሽም።"

እውነቱን ነው። ጉግሳ እስከ አይሻ በረሃ ሰው ሲያመላልስ አሸዋው መስታወቱን ጠብጥቦታል። በዚያ ላይ አጠገቧ ካለው የውኃ በርሜል ሰባት ዓመት ሲረጭባት ኖሯል። የድሬዳዋ ውኃ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ግንብ የሚሠራ ውኃ። ነጭ ድንጋይ ሆኖ ደርቆበታል።

አዲስ መስታወት? አገር ውስጥ የለም። ከውጭ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ። ለደብዳቤው የጓድ ዘገዬ ፊርማ። ተውኩት።

ስለዚህ ያለውን መስታወት ማጥራት። በሃምሳ ቀን ውስጥ። በማን? በኔ።

ጥር 12፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሎሚ። አንድ ዘንቢል ሎሚ! እማማ ይጨምቃሉ፣ እኔ በጨርቅ እየነከርኩ መስታወቱ ላይ አስተኛዋለሁ። ነጩ ድንጋይ ትሽ ትሽ እያለ ለቀቀ። በአንድ ቀን ግማሹ ሄደ።

በጋዜጣ አደረቅኩት። ለመስታወት እንደ ጋዜጣ ያለ መጥረጊያ የለም፤ በመጨረሻ ጥቅሙን አገኘሁለት። ፎቶ ያለበትን ገጽ ግን ለይቼ አስቀመጥኩ። እርጥብ ጋዜጣ ላይ የማን ፊት እንደሚጨማደድ አይታወቅም።

ጥር 13፣ ሰኞ

እጄ በሎሚ ተላልጦ "አብዮት" የሚለውን ቃል አምስት ጊዜ ስቼ መታሁ። ደግነቱ አለቃዬም አላየውም።

ጥር 19፣ እሑድ

ዛሬ ተለጣፊው። መስታወቱ አናት ላይ በስልሳ ዘጠኝ የተለጠፈ "ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር" የሚል አለ። ፀሐይ ጋግሮታል። ላምባ እያስነካሁ በምላጭ ስፍቅ፣ "ጦር ግንባር" የሚለው ሄዶ "ሁሉም ነገር ወደ" ሲቀር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"ጓዲት ሰርካዲስ! መፈክር እየፋቅሽ ነው?"

ጓድ ዘገዬ! ልቤ ቀጥ አለች። ምላሴ ግን ከልቤ ቀድማ ነቃች።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄኛው እኮ ግቡን መትቷል። ሁሉም ነገር ሄዷል፣ ባለቤቴም ጭምር። ለአዲስ መፈክር ቦታ እያዘጋጀሁ ነው።"

ረጅም ጊዜ አሰቡ። ስድብ ይሁን ንቃት አልለይ አላቸው። በመጨረሻ "አዲሱን ከቢሮ መጥተሽ ውሰጂ" ብለው በሩን ከፍተው ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንበሩ ጉግሳ እንደተወው ነው፤ ጉግሳ ደግሞ ዘለግ ያለ ነበር። እግራቸው ፔዳሉ ጋ አልደረሰም። ሁለት ጊዜ ሞከሩ። እንደዚህ ያለ ደስታ ካገኘኝ ስንት ዘመኔ!

ሲወጡ ጎማውን በእግራቸው ነካ አድርገው "የካቲት 30" አሉ።

"ነበር" ብዬ ጻፍኩ? ዘለግ ያለ ነው። ነው።

ጥር 26፣ እሑድ

ድንጋዩ አልቋል፣ ተለጣፊው አልቋል። መስታወቱ ግን አሁንም ጭጋግ ነው። አሸዋ የጠበጠበው፣ የደረቀ የዝናብ መጥረጊያ የቧጨረው።

"ድስት በምን ይጠራል? በአመድ ነዋ!" አሉ እማማ።

እውነት ነው ብዬ አመንኩ። እኔስ በምን አደግኩ? የእናቴን ድስት እያዩ ፀጉር ይበጠር ነበር። አመድ ነፋን፣ ደቃቅ አሸዋ ጨመርን፣ በኬሻ ቁራጭ አራት ሰዓት ሙሉ ፈተግን። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ሰባ ዓመት ያለፋት። ውኃ ስንደፋበት እንዴት አበራ! እማማ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

ጥር 27፣ ሰኞ

ደረቀ።

የጠዋት ፀሐይ ሲመታው ዶሮ ስትጭረው የዋለች መሬት መስሏል። ክብ ክብ፣ ደቃቅ ደቃቅ ጭረት፣ ከዳር እስከ ዳር።

ጃማዕ ማታ ባትሪ ይዞ መጥቶ አየው።

"ምን አደረግሽው?"

"በአመድ ፈተግነው።"

"በአመድ? ወላል፣ ድስት ነው እንዴ ይሄ?" ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ጎማ ላይ ተቀመጠ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም አብሬው ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ እማማን ሳይ ግን ተውኩት። ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። "የልጄን መኪና በገዛ እጄ አጠፋኋት" ይላሉ።

ጃማዕ አፈረ መሰለኝ። "ሃዬ፣ አንድ ሰው አለ። መጋላ ሰፈር፣ መነጽር የሚሠሩት አው አብዱሰመድ። ቅዳሜ ሂጂ" አለኝ።

የካቲት 2፣ ቅዳሜ

አው አብዱሰመድ ያሉበት ሱቅ ከቁም ሣጥን አይሰፋም። በሩ ላይ ቆሜ ታሪኩን ነገርኳቸው። አመድ የምትለዋ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሌላ ምንም አላሉም፤ የጨዋ ልጅ ናቸው።

የተጫረ መነጽር አውጥተው ጥፍሬን ሳቡበት።

"ያዘሽ?"

"አልያዘኝም።"

"ጥፍር የማይዘው ጭረት ይወጣል። ጥፍር የሚይዘው አይወጣም፤ ከሱ ጋር ትኖሪያለሽ።"

ቀይ ዱቄት በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ወርቅ አንጥረኛ ወርቅ የሚወለውልበት ነው። ቀይ መሆኑ ደግሞ ለጊዜው ተስማሚ ነው፤ ጓድ ዘገዬ ቢያዩትም አይቆጡም። እንደ እርጎ በውኃ አቅጥኖ፣ ጥላ ውስጥ፣ እያዞሩ ማሸት። እንዳይደርቅ። "ቶሎ ቶሎ አትበዪ፤ መስታወት የሚቸኩል ሰው አይወድም" አሉኝ። ደግሞ አንድ ነገር አጥብቀው ነገሩኝ፦ ደረቅ መስታወት ላይ የዝናብ መጥረጊያ በጭራሽ አይነሣም። አቧራውን እየጎተተ እንደገና ይጭረዋል፤ ድካምሽ ሁሉ ገደል ይገባል።

"የምታሺበት ጨርቅ ደግሞ የተሸመነ እንዳይሆን። ክር ካለው ይጭራል። የተዳመጠ ሱፍ ነው የሚያስፈልግሽ... ባርኔጣ የሚሠሩበት ዓይነት።"

"ሌላ የለም?"

"ድሮ ግሪኩ ልብስ ሰፊ ዘንድ ይገኝ ነበር። ግሪኩ ሄደ። አሁን ባርኔጣ ካልሆነ እንጃ፣ ልጄ።"

የካቲት 4፣ ሰኞ

ብርድ ልብስ ሞከርኩ። ክር አለው። የጋቢ ቁራጭ... ክር። መሥሪያ ቤት አሮጌ ባርኔጣ ያለው ሰው ጠየቅኩ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ራሱን ነካ። ቦርሳሊኖ ድሮ ቀረ፣ የአድኃሪ ባርኔጣ ነው፣ አሁን ሁሉም ቆብ ነው የሚያደርገው አሉኝ። በየቤታቸው ሣጥን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ማን ደፍሮ "አለኝ" ይበል?

የካቲት 8፣ ዓርብ

ሃያ ሁለት ቀን ቀረኝ።

ምስማሩ ላይ ያለውን አየሁት። የተዳመጠ ሱፍ፣ ክር የሌለው፣ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚቦረሽ። በድሬዳዋ እንደሱ ንጹሕ ሱፍ አይገኝም።

ብቆርጠው ምን ማለቴ ነው? አይመለስም ማለቴ ነው? ባልቆርጠው ደግሞ መኪናዋ ትወሰዳለች። ያኔ ጉግሳ ተመልሶ ይመጣና ባርኔጣውን አድርጎ በእግሩ ይሄዳል፣ ጓድ ዘገዬ በሚሌቼንቶዋ አቧራ እያለበሱት ያልፋሉ።

እማማን ልጠይቅ? እንቢ ይላሉ። እንቢ ካሉ በኋላ ብቆርጠው ሌብነት ነው። ሳልጠይቅ ብቆርጠውስ? እሱም ሌብነት ነው፣ ግን ጸጥ ያለ ሌብነት።

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ጠዋት ቦርሸው ሰቀሉት። ሳምንት አለኝ።

ከሰዓት በኋላ እማማ ለቅሶ ቤት ሲሄዱ አወረድኩት። አናቱን ብቻ በክብ ቆረጥኩ፣ ጎኑንና ጠርዙን ተውኩ። መልሼ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ከፊት ሲያዩት ሙሉ ባርኔጣ ነው፤ ከላይ ባዶ ነው። መሥሪያ ቤታችንን ይመስላል።

ውስጡ ያለው የቆዳ መቀነት ገና የሱን ላብ ይሸታል። ሰባት ዓመት ተቦርሾም አልለቀቀም። መቀሱን ይዤ አለቀስኩ። መጻፉ ያሳፍራል፤ ግን አለቀስኩ፣ ብዙ።

የካቲት 12፣ ማክሰኞ

ከሥራ መልስ እስኪመሽ አሻለሁ። ክንዴ የኔ አይመስለኝም። እማማ "ጨርቁን ከየት አመጣሽው?" ሲሉኝ "ከአው አብዱሰመድ" አልኩ። አው አብዱሰመድ ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ግን... በሾፌሩ በኩል መዳፍ የሚያክል ቦታ ጠራ። ውስጥ ገብቼ በዚያች መዳፍ በኩል አየሁ። ኒሙ ዛፍ፣ ቆጡ፣ እማማ ደጃፍ ተቀምጠው ጥቁር አዝሙድ ሲለቅሙ። አርጅተዋል። መቼ ነው እንዲህ ያረጁት?

የካቲት 15፣ ዓርብ

ነገ ቅዳሜ ነው። መላ አጥቼ ብሩሹን ደበቅኩት። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ብሩሽ እደብቃለሁ።

የካቲት 16፣ ቅዳሜ

ብሩሹን ፈለጉ፣ አጡት። "ምን ቸገረኝ፣ በእጄ አራግፈዋለሁ" አሉ።

በግራ እጃቸው ጠርዙን ያዙ፣ በቀኛቸው ከላይ ሊጠርጉ ሲሉ እጃቸው በባርኔጣው ውስጥ አልፎ ከሥር ወጣ። ጣቶቻቸውን አንቀሳቀሱ። አዩዋቸው። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱና ባርኔጣውን ምስማሩ ላይ ሰቅለው ወደ አልጋቸው ሄዱ።

ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት?

የካቲት 17፣ እሑድ

እማማ አልበሉም። ብሩሹን ቦታው መለስኩት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ከሥራ ስመለስ ምስማሩ ባዶ። ደንግጬ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

እማማ መኪናዋ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። የባርኔጣውን ጠርዝ በመቀስ ቆራርጠው ጭናቸው ላይ ደርድረውታል። አንዱን ቀይ ዱቄት ውስጥ ነክረው መስታወቱን ያሻሉ።

"አናቱ ስስ ነው። ጠርዙ ነው ወፍራሙ" አሉኝ ሳይዞሩ።

"እማማ..."

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እንቢ ይላሉ ብዬ።"

"እንቢ እል ነበር።" ማሸታቸውን አላቆሙም። "የሄደ ቀን ባርኔጣውን ለምን ተወው? ሁርሶ ፀሐይ የለም? ከቤት ሲወጣ ያለሱ ወጥቶ አያውቅም። ያን ቀን ምስማሩ ላይ ሳየው ሆዴ አንድ ነገር ነገረኝ። ይኸው ሰባት ዓመት ብሩሽ ይዤ ያንን ነገር ሳባርር..."

አጠገባቸው ተንበረከክኩና ቁራጭ አነሳሁ።

"ውኃ አምጪ" አሉኝ። "እየደረቀ ነው።"

የካቲት 24፣ እሑድ

አለቀ! በጋዜጣ የመጨረሻውን ጠረግነው። በቀኝ በኩል ታች አንድ ረጅም ጭረት ቀርቷል፤ ጥፍር ይይዛል። ከሱ ጋር እንኖራለን።

ጃማዕ ለዝናብ መጥረጊያው ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆርጦ ሠራለት። ቀጥሎ ሦስታችንም ወደ ደቻቱ ወንዝ። ደረቁ አሸዋ ላይ። ጉግሳ መንዳት ያስተማረኝ እዚያው ነው፣ መንጃ ፈቃዴን በስልሳ ሰባት ሳወጣ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት። ዝጎ እንቢ ብሎ ነበር፣ ጃማዕ ገፋልኝ። ሦስት ጊዜ ጠፋችብኝ፣ በአራተኛው ሄደች።

"አቦ ድስት አጣቢዋ!" አለኝ ጃማዕ። እማማ ከኋላ ሆነው ሳቁ። ከዚያች ቅዳሜ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃቸው ነው።

የካቲት 28፣ ሐሙስ

ምርመራ። ፍሬን ደህና፣ መብራት ደህና፣ ጥሩምባ ከሚገባው በላይ ደህና። መርማሪው የፊቱ መስታወት ላይ ሲደርስ ቆመ። በግራ አየው፣ በቀኝ አየው።

"ይሄ አዲስ ነው። የቀረጥ ደረሰኝ አምጪ።"

ይኸው! ሲደበዝዝ ቦሎ የለም፣ ሲጠራ ኮንትሮባንድ። ጃማዕን አየሁት፤ ጃማዕ ጫማውን ያያል። እሱ ስለ ባትሪው ነው የሚያስበው።

ምን ላድርግ? የመርማሪውን እጅ ያዝኩ። የመንግሥት እጅ ያዝኩ! ጥፍሩን ወስጄ ታች ያለው ጭረት ላይ ሳብኩት።

"ያዝዎት?"

"ያዘኝ።"

"አዲስ መስታወት እንዲህ ዓይነት ጠባሳ ይዞ ይወለዳል?"

ጭረቱን ደጋግሞ ዳበሰው። እንዴት እንዳጠራነው ነገርኩት። ሎሚ፣ አመድ፣ ቀይ ዱቄት። ስለ ባርኔጣው አልነገርኩትም። "እናቴም ድስት በአመድ ነው የምታጥበው" አለና ሳቅ ብሎ ፈረመ።

ቤት ስንደርስ ጓድ ዘገዬ በራችን ላይ ቆመው ነበር፣ ቀኑን ሊያስታውሱኝ። ከመኪናዋ ሳልወርድ መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ቦሎ በጣቴ አሳየኋቸው። ምንም ጭጋግ የለም፤ ፊታቸው ሲጠቁር አንድ በአንድ ታየኝ። "እንኳን ደስ ያለሽ ጓዲት" አሉ። የአዲሱን መፈክር ነገር ረሱት። እኔም አላስታወስኳቸውም።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ጠዋት የእማማ እጅ ወደ ምስማሩ ሄደና ተመለሰ። ብሩሹን አንሥተው የኔን የመሥሪያ ቤት ጫማ ቦረሹልኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አጣፍተው "ቤተ ክርስቲያን አድርሺኝ" አሉ።

ከፊት ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ እያዩ ሄዱ፤ ማንን እንዳዩ፣ ማን ቀጥኖ ማን እንደወፈረ። ይህን ያህል የሚያዩ አይመስለኝም ነበር።

ቄሱ ያውቋቸዋል። እማማ ሰባት ዓመት የጉግሳን የክርስትና ስም እየሰጡ በሰላም መልስልኝ ብለው ሲያስጸልዩ ኖረዋል። ዛሬም ስሙን ሰጡ። "ፍታት ይድረስለት፣ አባ። ተዝካሩን ከፋሲካ በኋላ አወጣለሁ" አሉ።

ቄሱ ደንግጠው አዩኝ። "መርዶ መጣ እንዴ?"

"ማን ያመጣዋል?" አሉ እማማ። "ራሴ ተረዳሁ።"

እኔ አንድ ቃል መናገር አልቻልኩም። ለማንኛውም ነገር መልስ የማታጣው ሰርካዲስ። ባሌ ሞቷል። እስከ ዛሬ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም።

ስንመለስ ደቻቱ ድልድይ ላይ መንገዱ ጠፋብኝ። ሁሉ ነገር ደበዘዘ። መስታወቱ አቧራ ያዘ ብዬ የዝናብ መጥረጊያውን ሳስነሣው ጎማው ደረቁ ላይ ሲጥ አለ።

"ተይው!" አሉ እማማ እጄን ይዘው። "ደረቅ ነው፣ ይጭረዋል።"

እሳቸውም እያለቀሱ ነበር።